መሬቱ 6 ሴንቲሜትር ቢነሳ፣ ከስሩ ምን ያህል ፈሳሽ ገባ ማለት ነው?

ጥያቄው፦ «የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። አንድ የእሳተ ገሞራ አካባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ 6 ሴንቲሜትር ከፍ እንዳለ ከራዳር ሳተላይት ምስል አየሁ። እብጠቱ መሐሉ ላይ ከፍተኛ ነው፤ ከመሐሉ 3 ኪሎ ሜትር ሲርቅ በግማሽ ይቀንሳል። በሞጊ ቀመር (ከመሬቱ መነሳት ከስር ያለውን ምንጭ ጥልቀትና ይዘት በሚያወጣው) ሳሰላው ምንጩ 3.9 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፣ የገባው ማግማም (የቀለጠ ዓለት) 3.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። አሁን ከዚህ ተነስቼ ግፊቱ ስንት እንደጨመረ፣ ቀጥሎም 5 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ስብራት (ዓለቱ ተሰብሮ የሚንሸራተትበት ቦታ) መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ማውጣት እፈልጋለሁ። አካሄዴ ልክ ነው?»

ስሌትህ ልክ ነው። ቁጥሮቹን እኔም ደግሜ ሠራኋቸው፣ ይገጥማሉ። ችግሩ ያለው ትርጉማቸው ላይ ነው። ቀመሩ የሰጠህ አንድ ነገር ነው፣ አንተ የጻፍከው ሌላ። ቀጥለህ ልታሰላው ያሰብከው ግፊት ደግሞ ገጽ ላይ ከሚታየው ለውጥ ብቻ ጨርሶ አይወጣም። በዚያ ላይ ስብራቱ ላይ ከሚደርሰው ውጥረት ስሌት ውስጥ አስተማማኙን ክፍል ዘለህ የማያስተማምነውን ይዘሃል። ከመለኪያው ልጀምር፣ ስሕተቱ የሚጀምረው እዚያ ነውና። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«6 ሴንቲሜትር ከፍ አለ» ብለሃል። የራዳር ሳተላይት ግን ከፍታ አይለካም። የሚለካው በራሱና በመሬቱ መካከል ያለው ርቀት ባለፈው ካየው በምን ያህል እንደተለወጠ ነው። የሚያየውም ቀጥ ብሎ ከላይ አይደለም፣ በሰያፍ ነው። ሴንቲነል 1 የተባለውን የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት ከተጠቀምክ እይታው ከቁም መስመር ከ29 እስከ 46 ዲግሪ ያጋደለ ነው። 39 ዲግሪ ብንወስድ፣ መሬቱ ቀጥ ብሎ 6 ሴንቲሜትር ቢነሳ ሳተላይቱ የሚያየው 4.7 ሴንቲሜትሩን ብቻ ነው። ምስሉ ላይ ያነበብከው ራሱ 6 ከሆነ ደግሞ፣ ወደ ጎን ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ፣ እውነተኛው መነሳት 7.7 ይሆናል።

ወደ ጎን እንቅስቃሴ የለም ማለት ግን አትችልም። ከስር የሚያብጥ ነገር መሬቱን ወደ ላይ ብቻ አይገፋውም፣ ወደ ውጭም ይገፋዋል። በሞጊ ሞዴል የጎን እንቅስቃሴው ከፍተኛ የሚሆነው ከመሐሉ የጥልቀቱን 0.7 እጅ ያህል ራቅ ብሎ ነው፤ መጠኑም የመሐሉን መነሳት 38 በመቶ ያህል ይሆናል። ይህ ቀላል አይደለም። ከምዕራብ በኩል የሚያይ ሳተላይት እብጠቱን ወደ ምዕራብ ሸርተት አድርጎ ያሳይሃል፣ ከምሥራቅ የሚያየው ወደ ምሥራቅ። ስለዚህ ሳተላይቱ ወደ ሰሜን ሲያልፍና ወደ ደቡብ ሲያልፍ የተነሱትን ምስሎች አንድ ላይ ካልተጠቀምክ፣ የምንጩ ቦታም ጥልቀቱም ይዛባብሃል። ሁለቱን ብታጣምር እንኳ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው እንቅስቃሴ አይታይህም ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ሳተላይቶቹ የሚበሩት ወደዚያው አቅጣጫ ነው። ለዚያ ጂፒኤስ ያስፈልግሃል።

ሌላው አየሩ ነው። የሴንቲነል 1 ሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ምስሉ ላይ አንድ ሙሉ የቀለም ዙር 2.8 ሴንቲሜትር ማለት ነው። አንተ ያየኸው እንግዲህ ሁለት ዙር አካባቢ ነው። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሞገዱን ያዘገየዋል፤ በሁለቱ ቀናት መካከል አንጻራዊው እርጥበት 20 በመቶ ቢለያይ 10 ሴንቲሜትር የሚደርስ የውሸት ለውጥ ሊፈጠር ይችላል። ተራራ ላይ ይሄ ይብሳል። ከጫፉ በላይ ያለው አየር ስስ ነው፣ ከግርጌው በላይ ያለው ወፍራም ነው፣ ስለዚህ የውሸቱ ለውጥ የተራራውን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል፤ ልክ ተራራው ያበጠ ይመስላል። ሁለት ምስል አነጻጽረህ ከሆነ ያገኘኸው፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ መጀመሪያ የጊዜ ተከታታይ ሥራ። የዓመቱ ምስሎች በሙሉ ይሰለፉ። ለውጡ ከዝናብ ወቅት ጋር ወጣ ገባ የሚል ከሆነ ጠርጥረው። ቀስ እያለ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነና ከተራራው ቅርጽ ጋር ካልተጣበቀ፣ ያኔ መሬት ነው እንበል።

ለጊዜው 6 ሴንቲሜትሩ እውነተኛ የቁም መነሳት ነው ብለን እንቀጥል።

ኪዮ ሞጊ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው ሥራ የጃፓኑን ሳኩራጂማና የሃዋዩን ኪላዌያ እሳተ ገሞራዎች የመሬት ለውጥ ያብራራበት ነው። ቀመሩ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ቀላል ስለሆነ ነው። ከስር አንዲት በጣም ትንሽ ሉል አለች፣ ዙሪያዋ ያለው ዓለት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ ሲገፉት ይለጠጣል ሲለቁት ይመለሳል፣ ገጹም ሜዳ ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ መነሳቱ በግማሽ የሚቀንስበትን ርቀት በ1.3 ብታባዛው ጥልቀቱን ይሰጥሃል። 3 ኪሎ ሜትር በ1.3፣ 3.9 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ይዘቱ ይወጣል፣ 3.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ። እስከዚህ ጎበዝ።

ይህ 3.8 ሚሊዮን ግን የምን ይዘት ነው? ገጹ ላይ የተነሳው ጉብታ ይዘት አይደለም፤ የጉብታውን ይዘት ብትደምር ከዚህ 1.5 እጥፍ ታገኛለህ። የገባው ማግማ ይዘትም አይደለም። ቋቱ፣ ማለትም ማግማው የተጠራቀመበት ክፍተት፣ ምን ያህል እንደሰፋ የሚናገር ቁጥር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል። አዲስ ማግማ ሲገባ ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል፤ የቋቱ ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቀድሞ የነበረው ማግማ ደግሞ ይታመቃል። ገጹ ላይ የምታየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ምንም ምልክት ሳይተው ቦታ ይሰጣል።

ምን ያህል ቦታ? ዙሪያው ያለው ዓለት ግትርነት 10 ጊጋፓስካል (የግትርነትና የግፊት መለኪያ ነው፤ አንዱ 1,000 ሜጋፓስካል) ቢሆንና ማግማው ጋዝ የሌለበት ቢሆን፣ የገባው ማግማ ቀመሩ ከሰጠህ 2.3 እጥፍ አካባቢ ነው። ዓለቱ 30 ጊጋፓስካል ከሆነ 5 እጥፍ ይደርሳል፤ ግትር ዓለት አልሰፋም ስለሚል ማግማው ራሱ ይበልጥ ይታመቃል። ማግማው ውስጥ የጋዝ አረፋ ካለ 10 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ «3.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማግማ ገባ» የሚለው ዓረፍተ ነገርህ ከ9 ሚሊዮን እስከ 40 ሚሊዮን ሊሆን የሚችለውን ነገር በአንድ ቁጥር ዘግቶታል።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዳይክ (ማግማ የሞላው ቁም ስንጥቅ) ተከፈተ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ስፋት። ከሳተላይት ምስሎቹ የተሰላው የዳይኩ ይዘት 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። በሰሜን ጫፍ ያሉት የዳባሁና የጋብሆ ቋቶች ሲሟሽሹ የታየው የይዘት ቅነሳ ግን 0.5 አካባቢ ብቻ። የቀረው ከየት መጣ? አንዱ ማብራሪያ ከመሐል፣ ከጥልቅ ሌላ ምንጭ መጥቷል የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ታምቆ የነበረ ማግማ ሲለቀቅ ይሰፋል፣ ስለዚህ የወጣው ከጎደለው በላይ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም የሚል። ይህን ሁሉ የሚያክል ክስተት ላይ ይዘቱ ካልገጠመ፣ በ6 ሴንቲሜትር ላይ ይገጥማል ብለህ አትጠብቅ።

ጥልቀቱስ? 3.9 ኪሎ ሜትር የወጣው ምንጩን ሉል ነው ስላልክ ነው። እንደ ምጣድ የተዘረጋ ጠፍጣፋ የማግማ ንብርብር («ሲል» ይባላል) ብታደርገው፣ ወይም ቁመቱ ረዘም ያለ ቧንቧ፣ ጥልቀቱም ይዘቱም ይለወጣል፤ የቁም መነሳቱ ግን ሁሉም ጋ በደንብ ሊገጥም ይችላል። በቁም መነሳት ብቻ ቅርጽ መለየት አይቻልም። የሚለያቸው የጎን እንቅስቃሴው ነው። ጠፍጣፋው «ሲል» ወደ ጎን የሚገፋው ትንሽ ነው፣ ቧንቧ ብዙ ይገፋል። ይኸው እንደገና ወደ ሁለቱ ምሕዋሮች (ሳተላይቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ወደሚያልፍባቸው) እና ወደ ጂፒኤስ መለሰን። ሌላ ገደብም አለ፤ ሁለት ምንጮች ጎን ለጎን ቢኖሩና በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጥልቀታቸው ካነሰ ገጹ ላይ አንድ ሆነው ነው የሚታዩት። ወፍራም ፍራሽ ስር አንድ ትልቅ ኳስ ይኑር ሁለት ትናንሽ፣ ከላይ የሚታየው ጉብታ አንድ ነው።

አሁን ወደ ግፊቱ። የሞጊ ቀመር ውስጥ ግፊት ብቻውን አይገባም። የሚገባው የግፊቱና የቋቱ ሬዲየስ ሦስተኛ ርቢ ብዜት ነው። ገጹ የሚያውቀው ብዜቱን ብቻ ነው። ትልቅ ቋት በትንሽ ግፊት፣ ትንሽ ቋት በትልቅ ግፊት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት 6 ሴንቲሜትር ይሰጡሃል። በራስህ ቁጥር እንየው፤ ግትርነቱን 10 ጊጋፓስካል እናድርገው። የቋቱ ሬዲየስ 2 ኪሎ ሜትር ከሆነ የግፊት ጭማሪው 1.5 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። 1 ኪሎ ሜትር ከሆነ 12። ግማሽ ኪሎ ሜትር ከሆነ 97። ግትርነቱን 30 ብታደርገው ሁሉንም በሦስት አባዛ። እንግዲህ የትኛውን ልትጽፍ ነው? ዓለት በመሳብ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜጋፓስካል፣ ቢበዛ ከ10 እስከ 20 ባለው ነው። 97 ከወጣ ቋቱ ያን ያህል ትንሽ አይደለም፣ ወይም ዓለቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ ቀመሩ ራሱ አይሠራም ማለት ነው። ይህ ጠቃሚ ነገር ነው። ከገጽ ለውጥ ግፊቱን ባታገኝም «ቋቱ ከዚህ አያንስም» የሚል ወለል ልታስቀምጥ ትችላለህ። እሱን ጻፍ።

ዓለቱም ሁሌ እየተለጠጠ የሚመለስ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ማግማ የሞቀው ዓለት ቀስ ብሎ ይፈሳል። ያኔ ግፊቱ መጨመሩን ካቆመ በኋላም ገጹ መነሳቱን ሊቀጥል ይችላል። ወይም ጥቂት ግፊት ብዙ መነሳት ይሰጣል፣ ለተለጣጭ ዓለት የተሠራው ቀመር ደግሞ ግፊቱን አጋንኖ ያወጣልሃል።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበትን ግን አልጠየቅህም። ማግማ መሆኑን በምን አወቅህ? የገጽ ለውጥ ይዘት ያሳያል፣ የፈሳሹን ዓይነት አይናገርም። ሙቅ ውሃም፣ እንፋሎትም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያነሳል። ጣሊያን ውስጥ ካምፒ ፍሌግሬ የተባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1984 ድረስ 1.8 ሜትር ያህል ተነሳ፤ ፖዙዎሊ ከተማ ውስጥ ወደ 40,000 ሰው ከቤቱ ወጣ። አልፈነዳም። ከዚያ ከፊሉ ተመልሶ ወረደ፣ ከ2005 ወዲህ ደግሞ እንደገና እየተነሳ ነው። ከስር ያለው ማግማ ነው ወይስ የጋለ ውሃና ጋዝ የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም፣ ያውም እንደዚያ በመሣሪያ የታጠረ እሳተ ገሞራ ላይ። መሬት ሲወርድ ደግሞ ማግማ ያለ ምልክት ወደ ኋላ ተመለሰ ከማለት ውሃና ጋዝ ሸሽቶ ወጣ ማለት ይቀላል፤ ለዚህ ነው ከፍ ዝቅ የሚል መሬት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ውሃን የምጠረጥረው።

የሚለየው የስበት ልኬት ነው። መሬቱ በ10 ሴንቲሜትር ሲነሳ ከመሬት ማዕከል ስለራቀ ብቻ ስበቱ በ31 ማይክሮጋል (የስበት ለውጥ መለኪያ) ይቀንሳል። ያንን ካነሳህ በኋላ የሚተርፈው፣ ከስር ክብደት መጨመሩን ወይም አለመጨመሩን ይነግርሃል። ማግማ ከባድ ነው፣ ጋዝ ቀላል ነው። ያንተ 6 ሴንቲሜትር ግን 19 ማይክሮጋል ብቻ ነው የሚሰጠው። የከርሰ ምድር ውሃ ወለል ጥቂት ሜትር ከፍና ዝቅ ቢል ብቻውን በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮጋል ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የስበት ልኬቱ የውሃውን ወለል ከሚከታተል ጉድጓድ ጋር ካልሆነ አትድከም።

ስለ ውሃ ካነሳን አንድ በጣም የሚያሳስት ነገር ላንሳ። «መሬት ከወረደ ውሃ ወጥቷል፣ ከተነሳ ውሃ ገብቷል» የሚል ደንብ በብዙዎች አእምሮ ውስጥ አለ። ሁሌ አይሠራም። ውሃ የያዘ የአሸዋና የሸክላ ንብርብር ላይ አዎ፣ ይሠራል። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ከላይ የተጫነውን ክብደት በከፊል ይሸከማል፤ ውሃው ሲወጣ ሸክሙ ወደ ቅንጣቶቹ ይዞራል፣ እነሱም ይጠጋጋሉ፣ መሬቱ ይወርዳል። 100 ሜትር ውፍረት ያለው መካከለኛ ልስላሴ ያለው ንብርብር ውስጥ የውሃው ግፊት በ1 ሜጋፓስካል ቢቀንስ፣ ማለትም ውሃው ወደ 100 ሜትር ዝቅ ቢል፣ 10 ሴንቲሜትር አካባቢ ይወርዳል። ለስላሳ ሸክላ ከሆነ ከዚያ አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። የካሊፎርኒያው ሳን ዋኪን ሸለቆ ውስጥ ለእርሻ በተሳበው ውሃ የተነሳ አንድ ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1977 ድረስ 9 ሜትር ገደማ ወርዷል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ዛሬም በዓመት 50 ሴንቲሜትር የሚደርሱ ቦታዎች አሉ፣ ሸክላው ደግሞ አንዴ ከተጠጋጋ ውሃ ቢመለስለትም አይከፈትም።

ግን በሰፊ ክልል ስታየው ውሃ ክብደትም ነው። ጠንካራ ዓለት ላይ የተቀመጠ በረዶ፣ ሐይቅ፣ የአፈር እርጥበት ሲቀንስ መሬቱ ሸክሙ ይቀልለትና ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ድርቅ ጊዜ የምዕራብ አሜሪካ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ያሳዩት ይህንን ነው፤ በአማካይ 4 ሚሊሜትር፣ የካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ እስከ 15 ሚሊሜትር መነሳት። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ግዛት፣ ሸለቆው ውስጥ መሬቱ እየወረደ ነበር። ያው የውሃ እጥረት ነው፣ ምልክቱ ግን ተቃራኒ። ስለዚህ የሥነ ምድሩን ካርታ ሳታይ ከምልክቱ ብቻ ፈሳሽ ገባ ወጣ አትበል።

የለውጡ ቅርጽ አንዳንዴ ከመጠኑ በላይ ይናገራል። አልጄሪያ ውስጥ ኢን ሳላህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጥልቀት ውስጥ ይገባ ነበር። መሬቱ በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይነሳል፣ ይህ ይጠበቃል። አንዱ ጉድጓድ ላይ ግን መነሳቱ አንድ ጉብታ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ጎን ለጎን ጉብታዎች ሆነ፣ መሐሉ ዝቅ ብሎ። ይህ ቁመቱን ቆሞ የተከፈተ ስንጥቅ ፊርማ ነው። ማስገባቱ በ2011 ቆመ። እዚያ ዋናውን ጥያቄ የመለሰው ሚሊሜትሩ አልነበረም፣ ቅርጹ ነበር። ያንተም እብጠት በእርግጥ ክብ መሆኑን፣ ወይስ ሞዴሉ ክብ ስለሆነ ክብ አድርገህ እንዳየኸው ተመልከት። ከምስሉ ላይ ሞዴሉን ቀንስና የሚተርፈውን ካርታ እየው። ሥርዓት ያለው ቅርጽ ከተረፈ ሞዴሉ ተሳስቷል።

እንግዲህ ስብራቱ። ከገጽ ለውጥ የምታገኘው የውጥረት ለውጥን ነው፣ ውጥረቱን አይደለም። ይህንን ልዩነት በደንብ ያዘው። 4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ከላይ ያለው ዓለት ክብደት ብቻውን 100 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ስብራቱ ለመንሸራተት ስንት እንደቀረው የሚወስነው ያ የቆየው ውጥረት ነው፣ እሱን ደግሞ ካለፈው ዓመት እስከ ዘንድሮ ያለ ምስል ፈጽሞ ሊነግርህ አይችልም። ስለዚህ «መቼ» ለሚለው ጥያቄህ መልስ የለም። መሣሪያ ብትጨምርም የለም።

አስተማማኙን ዘለሃል ያልኩህ እዚህ ነው። የቋቱን ግፊት ለብቻው ማወቅ አትችልም። ከቋቱ ራቅ ያለው የውጥረት ለውጥ ግን የሚወሰነው በዚያው ብዜት ነው፣ ማለትም ገጹ በሚያውቀው። ሬዲየሱ 1 ይሁን 2 ኪሎ ሜትር፣ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የውጥረት ለውጥ ያው ነው ማለት ይቻላል። ባንተ ቁጥሮች 0.1 ሜጋፓስካል አካባቢ ይወጣል፤ ግትርነቱ 30 ከሆነ 0.3። ስለዚህ ቋቱ ውስጥ ያለውን ግፊት ትተህ ስብራቱ ላይ የደረሰውን ለውጥ አስላ። ቀድሞውኑ የምትፈልገው እሱን ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎች ከ0.01 ሜጋፓስካል ጀምሮ ያለ ለውጥ የመንቀጥቀጦችን ብዛት ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ታዝበዋል፤ ያንተ ከዚያ በላይ ነው፣ ችላ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ለውጡ ስብራቱን የሚገፋው ወይም የሚቆልፈው እንደ ስብራቱ አቅጣጫ ነው። ከቋቱ ወደ ውጭ ባለው መስመር ዓለቱ ይጨመቃል፣ ከዚያ መስመር ጋር በሚሻገረው አቅጣጫ ይሳባል። የስብራቱን አቅጣጫና ዝንባሌ ካላስገባህ የምልክቱን መደመርና መቀነስ እንኳ አታውቅም።

ፈሳሹ ራሱ ወደ ስብራቱ ከተጓዘ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ስብራት ውስጥ የገባ የውሃ ግፊት ሁለቱን ግድግዳዎች ያላላል፣ ገጹ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ምልክት ላይተው ይችላል። ጉዞውም ጊዜ ይፈልጋል። ፈሳሽ በደንብ የሚያሳልፍ ዓለት ውስጥ ግፊቱ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊበቃው ይችላል፣ ጠበቅ ባለው ውስጥ ዓመታት። ዴንቨር አጠገብ ከ1962 እስከ 1966 ድረስ ፍሳሽ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ሲገባ ቆይቶ፣ ትልልቆቹ መንቀጥቀጦች የመጡት ማስገባቱ ካቆመ በኋላ በ1967 ነው። ሆላንድ ውስጥ የግሮኒንገን ጋዝ መውጣት የጀመረው በ1963 ሲሆን መሬቱ ቀስ እያለ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ወረደ፤ ትልቁ መንቀጥቀጥ፣ 3.6 የተለካው፣ የመጣው በ2012 ነው። የገጹ ለውጥ ለአሥርት ዓመታት ረጋ ብሎ ሲሄድ ስብራቶቹ ደግሞ በራሳቸው ሰዓት ነው የተንቀሳቀሱት።

እሳተ ገሞራው ይፈነዳል ወይ የሚለውንም ሳትጠየቅ አትቀርም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ያዝ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በሳተላይት በተከታታይ ከታዩ 198 እሳተ ገሞራዎች መካከል 54ቱ የመሬት ለውጥ አሳይተዋል፤ ከነሱ የፈነዱት 25 ናቸው፣ 46 በመቶ። ለውጥ ካላሳዩት 144 ውስጥ 94 በመቶው አልፈነዱም፣ 9 ግን ምንም ሳያሳዩ ፈንድተዋል። መነሳት ማንቂያ ነው፣ ቀጠሮ አይደለም። አለመነሳትም ዋስትና አይሆንም፤ ጋዝ የበዛበት ማግማ ታምቆ ስለሚችለው ገጹን ሳይነካ ግፊት ሊያጠራቅም ይችላል።

ምክሬ ይሄ ነው። የሁለቱን ምሕዋር ምስሎች በተከታታይ ሰርተህ የአየሩን ረብሻ አውጣ፣ ካለ ቢያንስ አንድ ጂፒኤስ አክልበት። ከዚያ በአንድ ሞዴል አትቁም። ሉሉን፣ ጠፍጣፋውን፣ ረዘም ያለውንም ሞክር፤ ለእያንዳንዱ የሚገጥሙትን የጥልቀትና የይዘት ጥንዶች በሙሉ አውጣ፣ ምርጡን ብቻ አይደለም። ጥልቀትና ይዘት ተያይዘው ነው የሚሄዱት፣ ምንጩን ጥልቅ ካደረግከው ይዘቱም ያድጋል፣ ስለዚህ የሁለቱን ወሰን ለየብቻ ሰጥተህ አትለፍ፤ አንድ ላይ በሥዕል አሳያቸው። የግፊት ቁጥር ግን አትጻፍ። አንድ ጉድጓድ ውስጥ የተለካ ግፊት፣ ወይም የቋቱን መጠን ከመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ጥናት ያወጣ ሌላ ሥራ እስካላገኘህ ድረስ አትጻፍ። አማካሪህ ቢጫንህም ወለሉን ስጠው፣ «ቋቱ ሉል ከሆነ ሬዲየሱ ከዚህ አያንስም» የሚለውን።

ጽሑፍህ ውስጥ ያለውን «3.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማግማ ገብቷል» የሚለውን ሰርዘህ «ምንጩ ሉል ከሆነ የቋቱ ይዘት በ3.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሰፍቷል፤ የገባው ፈሳሽ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፣ ዓይነቱም አልተለየም» በል። ስብራቱን በተመለከተ «መቼ» የሚለው ክፍል በሙሉ ይውጣ። በምትኩ የውጥረት ለውጡን ከነምልክቱና ከነወሰኑ አስገባ፣ ለሁለቱም የግትርነት ግምቶች።